በመኪና ሄጄ እራመዳለሁ

ይህን ክር፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። እስካሁን 31 መልስ ገብቶበታል። መሃል ላይ የሚገቡ ሰዎች ነገሩ ከየት ተነሥቶ ጫማ ላይ እንደደረሰ ግራ ገብቷቸው እየጠየቁ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ አፍ ላውጋችሁ። ሁሉንም እኩል አላወራውም። የጫማውን ወሬ በተለይ ዘለል አደርገዋለሁ።

መክፈቻው እንዲህ ነበር። ሐኪሜ ስኳሬ አፋፍ ላይ እንደደረሰ ነገረኝና በቀን 30 ደቂቃ እንድራመድ አዘዘኝ። እሺ ብዬ ጂም ተመዘገብኩ። ከሥራ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ እገባለሁ። 25 ደቂቃ ትራፊክ ላይ ተቀርቅሬ ጂም እደርሳለሁ። 30 ደቂቃ ትሬድሚል ላይ እራመዳለሁ። ከዚያ ሌላ 25 ደቂቃ ነድቼ ቤቴ እገባለሁ። ማሽኑ የቆመው ትልቅ የመስኮት መስታወት ፊት ነው። አንድ ማታ ላቤ እየተንጠባጠበ ቁልቁል ሳይ፣ የመጣሁበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መኪኖቹ ተጣብቀው ቆመዋል። እኔም ከላያቸው ባለሁበት እረግጣለሁ። ሳቄ መጣ።

ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ። ሐኪሙ ያዘዘልኝ መድኃኒት ደጃፌ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልወስደውም ብዬ አንድ ጠዋት በእግሬ ወጣሁ። የእግረኛ መንገዱ 200 ሜትር ያህል አብሮኝ መጣና ጠፋ። ቦታው ላይ መኪኖች ቆመዋል። በሁለቱ መሃል ጎኔን ሰጥቼ ሾለክሁ። ቀጥሎ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ፤ እሱን ስሸሽ አስፋልቱ ላይ ወረድኩ። ከኋላዬ ጥሩምባ። ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ መሥሪያ ቤቴ ከማዶ ይታየኛል፣ ማቋረጫው ግን ዓይን እስኪደክም ሩቅ ነው። ሰው ሁሉ የመሃሉን አጥር ዘሎ ያልፋል። እኔም ዘለልኩ። ሱሪዬ ተቀደደ። በማግሥቱ መኪናዬን አስነሣሁ።

ስለዚህ ክሩ ላይ የጣልኩት ሐሳብ ይህ ነው። ሐኪሙ ተራመድ ይላል፣ መንገዱ አትራመድ ይላል፣ ሁለቱ ሲጣሉ የሚያሸንፈው መንገዱ ነው። መንገድ የሚነድፍ ሰው ሳያውቀው የሰፈሩን ሰው ጤና እየነደፈ ነው። እኔ ነኝ ሰነፉ ወይስ መንገዱ ነው ያሰነፈኝ ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። እርስዎ እያለ ነው የጻፈልኝ። እሱ እንደሚያደርገው ከአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እንድወርድ መከረኝ። በዚህ ዘዴ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ማጥበቁንም ነገረን። አውቶቡስ እንደማልሳፈር ልብ አላለም፤ ቢሆንም አመሰገንኩት።

2ኛዋ የጤና ባለሙያ ናት። ቁጥር ይዛ መጣች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ሰው ገደማ፣ እዚያ አልደረሰም። ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉት ልጆች ይብሳሉ፤ ለእነሱ የተቀመጠውን የቀን 60 ደቂቃ 81 በመቶው አያሟላም። የገረመኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን ሒሳቧ ነው። 150ን ለአምስት የሥራ ቀን ስታካፍሉት 30 ደቂቃ ነው። 15 መሄጃ፣ 15 መመለሻ። ፌርማታ ድረስ በእግሩ ደርሶ የሚመለስ ሰው ስፖርት ልሥራ ሳይል ድርሻውን ሊጨርስ ይችላል። አውቶቡስ እንደ መኪና ከበር አያነሣም፣ በር ላይም አያወርድም። ሰው የሚያማርርበት ይህ ጉድለቱ ለልብ ጥሩ ነው ባይ ናት።

3ኛው ላይ ሙቀቱ ጨመረ። እርስዎ የነበርኩት ሰውዬ በአንድ ጊዜ አንተ ሆንኩ።

ጸሐፊው በየቀኑ በእግሩ ረጅም መንገድ የሚሄደው የትራንስፖርት ሒሳብ ስለማይበቃው ነው። ማንም ተራመድ ብሎ አልመከረውም። የእሱን እግር ማንም ጤናማ አኗኗር ብሎ አልጠራለትም። ባለ መኪኖች መራመድን ዛሬ እንደተገኘ አዲስ ነገር ሲያወሩ ሆዱ ይቃጠላል። ከጎኑ የሚያልፈውን ጭስ የሚውጠው እሱ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጎማ የሚረጨውን ኩሬ የሚለብሰውም እሱ ነው። ቀጥሎ የመታኝን ምት መታኝ። በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል፤ ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ናቸው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያለን ሰው ከምንም በላይ የሚገድለው ይኸው ነው። እኔ ወደ ጂም ስነዳ የማልፈው በማን አጠገብ እንደሆነ አስቤ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።

4ኛው መልስ የእኔ ነው። አጭር ነበር። ልክ ነው አልኩ። መክፈቻዬ ላይ ስለ ራሴ ሱሪ ስጽፍ፣ በዚያው አጥር ላይ በየቀኑ ስለሚዘለው ሰው አንዲት መስመር አልጻፍኩም። የእግረኛ መንገድ ቢሠራ ቀድሞ የሚጠቀመው ገና ከመኪናው የሚወርደው እንደ እኔ ያለው ሰው አይደለም። ዛሬም መንገዱ ላይ ያለው ሰው ነው። አሁን ሳስበው ከ31ዱ የጠቀመኝ ይህ የ3 ቁጥሩ መልስ ነው፤ ያኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበር፣ አልዋሽም።

ነገሩን ያቀዘቀዘው 5ኛው ነው። ታሪክ ይዞ መጣ። ጄሪ ሞሪስ የተባለ የብሪታኒያ ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አጠና። አንድ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰው ይሠራል። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል። ትኬት ቆራጩ ላይና ታች ይላል፤ በቀን 600 ደረጃ ያህል ይወጣል። መሥሪያ ቤታቸው አንድ፣ መንገዳቸው አንድ፣ የሚተነፍሱት አየር አንድ። በ1953 በወጣው ጥናት በልብ ሕመም ይበልጥ የሚጠቁት ሾፌሮቹ ሆነው ተገኙ። ትኬት ቆራጩ ስፖርተኛ ስለሆነ አይደለም፤ እንጀራው ነው ያንቀሳቀሰው። ለእኛም እንደዚያው ከኑሮ ጋር የተሰፋ እንቅስቃሴ ያስፈልገናል ብሎ ቋጨ።

6ኛዋ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ ብላ ገባች። የደከማት ሰው አጻጻፍ ነበረው። ነዳፊውን መስደብ ቀላል ነው፤ ለነዳፊው የሚሰጠው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። በዚህ መገናኛ በሰዓት ስንት ተሽከርካሪ ያልፋል? እያንዳንዱስ ስንት ሰከንድ ይዘገያል? እግረኛው ሠንጠረዡ ውስጥ ካለም ተሽከርካሪን የሚያዘገይ ነገር ሆኖ ነው ያለው። መኪና የሚቆጥር መሣሪያ ሞልቷል። መንገዱን አይቶ ቢቀርብኝ ይሻላል ብሎ ቤቱ የቀረውን ሰው የሚቆጥር መሣሪያ ግን አላየችም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ካነበብኩ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ስልኬን አስቀመጥኩት።

7ኛው ወደ አውቶቡሶቹ መለሰን። አራሚ ነው፤ በየክሩ አንድ አይጠፋም። የ5 ቁጥሩ ታሪክ ጎዶሎ መሆኑን አስረዳ። የሞሪስ ቡድን ራሱ በ1956 የደንብ ልብስ መዝገብ አገላብጦ፣ የሾፌሮቹ ሱሪ ገና ሲቀጠሩ ጀምሮ በወገብ ሰፋ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ስለዚህ መቀመጡ ነው ያሳመማቸው ወይስ ድሮም ደልደል ያለው ሰው ነው ሾፌርነትን የመረጠው? ጥያቄው ጥሩ ነው። ሱሪ ይህን ያህል ምስክር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ የእኔም ምስክርነት ሰጥቷል።

8 ቁጥር ላይ ባለ ታሪኩ ተቆጥቶ ተመለሰ። ግማሹን አንብቦ ማረም እንዴት ያለ ነገር ነው አለ። ቀጭኑን ሾፌር ከቀጭኑ ትኬት ቆራጭ፣ ወፍራሙን ከወፍራሙ ሲያነጻጽሩትም ሾፌሩ ይበልጥ ተጎጂ ሆኖ እንደተገኘ ጻፈ። በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉ ፖስተኞችም ተቀምጠው ከሚሠሩት ጸሐፊዎችና ስልከኞች የተሻለ ልብ ነበራቸው። ሞሪስ ራሱ በ2009 በ99 ዓመቱ መሞቱን ጨመረበት። እዚህ ላይ አራሚው ከሥር አንዲት መስመር ጣል አድርጎ፣ አንድ ሽማግሌ ማስረጃ አይሆንም ብሎ ሄደ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

9 ቁጥር ስለ እናቱ ጻፈ።

እናቱ 74 ዓመታቸው ነው፤ ምርኩዝ ይይዛሉ። እህታቸው የሚኖሩት ከመንገዱ ማዶ ነው። በየሳምንቱ ይጠያየቁ ነበር። አረንጓዴው ሲበራ እናት ወዲያው አይራመዱም። መጀመሪያ ምርኩዛቸውን ከጠርዙ ሥር ያሳርፋሉ፣ ከዚያ ቀኝ እግር ይወርዳል፣ ከዚያ ግራ። እዚህ ላይ ብቻ ሦስት ሰከንድ አለቀ። መንገዱን ሲያጋምሱ አረንጓዴው ሰው ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። እሳቸው ብልጭታውን ሲያዩ ይቆማሉ። መሮጥ ስለማይችሉ መቆም የሚሻል ይመስላቸዋል። መሃል አስፋልት ላይ! ሞተር በፊታቸው፣ መኪና በኋላቸው። ይህ ሁለት ጊዜ ከደረሰባቸው በኋላ እህታቸውን በስልክ ብቻ ማግኘት ጀመሩ። ወራት ሲያልፉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ዘመድ ሁሉ እርጅና ነው ይላል። ልጃቸው ግን መብራቱ ነው ባይ ነው።

መሐንዲሷ 10 ቁጥር ሆና ተመለሰች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም፤ የመንገዱን ስፋት ጠየቀች። ልጁ 14 ሜትር መሆኑንና መብራቱም 12 ሰከንድ ያህል እንደሚቆይ ነገራት። ሒሳቡን እዚያው ሠራችው። በብዙ አገር የእግረኛ መብራት ሲሞላ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነው። 14 ለ1.2 ሲካፈል 12 ሰከንድ አይሞላም። ልክ የልጁ መብራት። እንግሊዝ ውስጥ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሲለኩ ግን የወንዶቹ አማካይ 0.9፣ የሴቶቹ 0.8 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። በ0.8 ከሄዱ 17 ሰከንድ ተኩል ያስፈልጋል። እናትን ከእህታቸው የለየው ስድስት ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ነው። ለመሥሪያ ቤቷ አልተከራከረችም። 1.2ን ሠንጠረዥ ላይ ስንት ጊዜ እንደሞላች፣ ያ እግር የማን እግር እንደሆነ ግን ጠይቃ እንደማታውቅ ብቻ ጻፈች።

11 ቁጥር ላይ የጤና ባለሙያዋ ለ3 ቁጥሩ ስለ ጭስ መለሰች። በ2016 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ አየሩ እጅግ በቆሸሸ ከተማ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ማይክሮግራም ደቃቅ ብናኝ ባለበት እንኳ፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ የሚበልጠው በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ብስክሌት ለሚነዳ ወይም ከ10 ሰዓት በላይ በእግር ለሚሄድ ሰው ነው። ስለዚህ በጭስ ፈርቶ ከመቀመጥ መሄድ ይሻላል። ከሥሩ 3 ቁጥር ተመልሶ፣ ጭሱን ማን ያስነሣዋል የሚለው ጥያቄ እንዳልተመለሰለት አስታወሳት። እውነቱን ነው፤ አልተመለሰለትም።

12 ቁጥር ነጋዴ ነው። እስካሁን ያየነውን ሁሉ ቅንጦት አለው። ሱቁ ፊት ያለው ፓርኪንግ ተነሥቶ የእግረኛ መንገድ ቢሰፋ ደንበኛው መኪናውን የት ሊያቆም ነው? ለእግረኛ ጤና ሲባል የእሱ ቤተሰብ ጾሙን ሊያድር ነው? 13 ቁጥር ላይ አንድ ሰው የእንግሊዟን ከተማ የብሪስቶልን ነገር አመጣ። እዚያ በ2006 ባለ ሱቆች ስንት ደንበኛቸው በመኪና እንደሚመጣ ሲጠየቁ 41 በመቶ ብለው ገመቱ። ደንበኞቹ ራሳቸው ሲጠየቁ 22 በመቶ ሆነ። ባለ ሱቁ የሚያየው በሩ ላይ የቆመውን መኪና ነው፤ በእግሩ የገባው ሰው ደጅ ላይ ምልክት አይተውም። ነጋዴው 14 ቁጥር ላይ ብሪስቶል ሄዳችሁ ክፈቱ ብሎ መለሰና ወጣ። ኪሳራውን የሚሸከመው እሱ ነውና አልፈርድበትም። ለጥቂት ወር በቀለምና በሚነሣ መከለያ ሞክሮ ማየት የሚባል ነገር እንዳለ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ አልጠበቀኝም።

15 ቁጥር የኔዘርላንድ ሰው ብስክሌት ላይ ነው የሚወለደው፣ እኛ ከእነሱ ጋር ምን አገናኘን አለ። 16 ቁጥሩ ለዚህ ረጅም መልስ ጻፈ፤ የክሩ ረጅሙ ይመስለኛል። በ1971 ኔዘርላንድ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ከተሞቹ እንደ ሌላው ሁሉ ለመኪና እየተፈለፈሉ ነበር። ወላጆች የልጆች ግድያ ይቁም ብለው መንገድ ላይ ተቀመጡ። በ1973 የነዳጅ ችግሩ ሲመጣ መኪና የማይነዳባቸው እሑዶች ታወጁ፤ ሕዝቡ ባዶ መንገድ ምን እንደሚመስል አየ። በ1977 ግሮኒንገን የመሃል ከተማዋን ለአራት ከፈለች። በመኪና ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በቀጥታ ማለፍ ቀረ፤ ወጥተህ በቀለበት መንገድ ዞረህ ትገባለህ። በእግርና በብስክሌት ግን ቀጥታ ነው። ጸሐፊው ልብ በሉ የሚለው ይህችን ነው። ማንም መኪና አልተከለከለም። አጭሩ መንገድ ለእግር ተሰጠ፣ ረጅሙ ለመኪና። የእኔ ሰፈር የዚህ ግልባጭ ነው፤ መኪናዬ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ እኔ ነኝ የምዞረው።

17 ቁጥር ስለ ሙቀትና ዳገት አማረረ። ላብ በላብ ሆኖ ስብሰባ የሚገባ ማን ነው አለ። 18 ቁጥሩ በበጋ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የምታልፈውን የስፔኗን ሴቪያን ጠቀሰ። ከተማዋ ከ2006 ጀምሮ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በጠርዝ የተከለለ የብስክሌት መስመር ዘረጋች። ለዚያ ብላ 5,000 የሚያህሉ የመኪና ማቆሚያዎችን አነሣች። የቀኑ የብስክሌት ጉዞ ከ6,000 ወደ 70,000 ገደማ አደገ። ሚስጥሩ መስመሩ የተቆራረጠ አለመሆኑ ነው፤ ግማሽ ድልድይ የሚሻገርበት ሰው የለም። ለዳገቱ ደግሞ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አለ። ሞተሩ ቢያግዝም እግር አያርፍም።

ከ19 እስከ 22 ድረስ ጫማ ነው። አንድ ሰው በእግሩ መሄድ ሲጀምር ተረከዙን እንደሚያመው ጠየቀ። ሌላው ሶሉ ወፍራም ይሁን አለ፣ ሦስተኛው ቀጭን ይሁን አለ፣ አራተኛው በባዶ እግር መሄድ ነው ዋናው ብሎ የሁለቱንም አፈረሰ። መክፈቻዬ ላይ የጻፍኩትን ክፍት ጉድጓድ ረስተውት እንጂ፣ በባዶ እግር ማለት ለማን ነው!

23 ቁጥር ላይ ክሩ ጸጥ አለ። ጸሐፊዋ ከሥራ የምትወጣው ሲመሽ ነው። ከፌርማታ እስከ ቤቷ ስምንት ደቂቃ ነው፤ ሦስቱ ደቂቃ መብራት በሌለው ረጅም ግንብ ሥር ነው። እዚያ ስትደርስ ቁልፏን በጣቶቿ መሃል ትይዛለች። ስልክ የምታወራ ትመስላለች፤ የምታወራው ከማንም ጋር አይደለም። ደመወዟ ትንሽ ቢሆንም በዚያች ሦስት ደቂቃ ምክንያት ብዙ ማታ ታክሲ ትይዛለች። ስለ ደረጃና ስለ ልብ የተወራው ሁሉ ደስ እንዳላት፣ ግን የእሷን እግር የያዘው ስንፍናም ርቀትም እንዳልሆነ ጻፈች። ግንቡ ላይ አንድ መስኮት ቢኖር፣ አንድ አምፖል ቢበራ፣ ትሄድ ነበር።

24 ቁጥር ለምን በቀን የሚያልቅ ሥራ አትፈልግም የሚል ነገር ነበር። ተሰርዟል፤ ደግ አደረጉ። 25ኛዋ የካናዳዋ ሞንትሪያል ከ1996 ጀምሮ የሠራችውን ነገረችን። እዚያ ማታ ብቻዋን የምትሳፈር ሴት ሾፌሩን በሁለት ፌርማታ መሃል፣ ለቤቷ በሚቀርበው ቦታ እንዲያወርዳት መጠየቅ ትችላለች። ለዚህ ግንባታም ቁፋሮም አያስፈልግም። ሾፌሩ ፍሬን ይረግጣል፣ አለቀ።

26 ቁጥር አራት መስመር ናት። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ነው። 25 መልስ ሙሉ መራመድ፣ መራመድ ስትሉ ቆጠርኩ አለ። እሱን ቤት የሚያስቀምጠው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር። ያ ጠርዝ ዝቅ ቢል ግን የ9 ቁጥር እናት፣ ጋሪ የምትገፋው ወላድና ሻንጣ የሚጎትተው ሁሉ ያልፍበታል። ማንም አልመለሰለትም፤ ሃያ ሰው ግን ወደደለት።

ከዚያ ጸቡ መጣ። 27 ቁጥር ይህ ሁሉ የሕልም እንጀራ ነው፣ መጀመሪያ መንገዱን አስፉት፣ ትራፊኩ ይለቅ፣ ሰው በጊዜ ቤቱ ይግባና ያኔ ስፖርት ይሥራ አለ። 28 ቁጥሩ የአሜሪካዋን ከተማ የሂውስተንን ኬቲ አውራ ጎዳና ጠቀሰለት። በ2008 ማስፋቱ ሲያልቅ፣ የዳር መንገዶቹ ሲቆጠሩ ቦታ ቦታ ላይ 26 መስመር ደርሶ ነበር። ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በመጨናነቂያ ሰዓት የጠዋቱም የማታውም ጉዞ ጭራሽ ረዘመ። መንገድ ሲሰፋ ቤቱ የነበረው መኪና ይወጣል፣ ሩቅ የማይኖረው ሰው ሩቅ ይሄዳል። በተቃራኒው ስቶክሆልም በ2006 ወደ መሃል ከተማ ለሚገባ መኪና ክፍያ ሞከረች። ትራፊኩ በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከሙከራው በፊት አብዛኛው ሰው ተቃዋሚ ነበር፤ ካየው በኋላ በድምፁ አጸደቀው። ትንንሽ ልጆች አስም ተነሥቶባቸው ወደ ሐኪም የሚሮጡበትም ጊዜ ቀነሰ። 29 ቁጥር ላይ 27 ቁጥሩ ምን ብሎ እንደመለሰ አልደግመውም። የቤተሰብ ስም ገብቶበታል። እሱም ተሰርዟል።

30 ቁጥር መሐንዲሷ ናት። ሰዓት መያዣዋን ይዛ አንድ ምሳ ሰዓት በራሷ መሥሪያ ቤት አቅራቢያ ያለ ማቋረጫ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሳይጨርሱ መብራት የሚቀድማቸውን ብቻ አልነበረም የምታየው። ደርሰው፣ መንገዱን አይተው፣ የሚመለሱትን ነው። እንደዚያ ያሉ ሰዎችም ነበሩ። ቢሮ ገብታ በሠንጠረዡ አንድ ሣጥን ውስጥ ያለውን ቁጥር ቀየረች፤ ስድስት ሰከንድ ጨመረች። አንድም ሾፌር ደውሎ አላማረረም። ለ9 ቁጥር ምክር ጻፈችለት። ደብዳቤ ስትጽፍ ይጨመርልን ብለህ አትለምን፤ በየትኛው የእግር ፍጥነት እንደሰላችሁት አሳውቁኝ በል፤ መልስ ለመስጠት ሲሉ ሠንጠረዡን መክፈት ይኖርባቸዋል።

31ኛው ትናንት ማታ ገባ። ልጁ ደብዳቤውን አስገብቷል፤ መልስ ገና የለም። እናቱ ግን ነገሩን ሰሙ። 14 ሜትር ስንት እርምጃ ነው ብለው ጠየቁ። የቤታቸው ኮሪደር ሲለካ ሰባት ሜትር ሆነ፤ ደርሶ መልስ 14። ከእራት በኋላ ምርኩዛቸውን ይዘው ይነሣሉ፣ ልጁ ስልኩ ላይ ሰዓት ይይዛል። ዞረው ሲመለሱ ግድግዳውን በእጃቸው ይነካሉ። በየመሃሉ አረንጓዴው አለ ወይ ብለው ይጠይቁታል። የመጀመሪያው ማታ 22 ሰከንድ ነበር። ትናንት 19 ገቡ። መብራቱ አሁንም 12 ነው።